ከላፕቶፕ ወደ ስልክ ፋይል ለመላክ ፓይተን ብቻ ይበቃል

ፓይተን 3 (የፕሮግራሚንግ ቋንቋው) ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለ ሌላ ምንም ሳትጭኑ ሎካል ሰርቨር (ፎልደራችሁን እዛው ኔትወርክ ላይ ላለ ስልክ የሚያሳይ ፕሮግራም) ማስነሳት ትችላላችሁ፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ልንገራችሁ ብዬ ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ፋይሉ ያለበት ፎልደር ግቡና ፓይተን3፣ ስፔስ፣ ሰረዝ (-) ኤም፣ ስፔስ፣ ኤችቲቲፒ ነጥብ ሰርቨር ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ ኢንተር በሉት (ዊንዶውስ ላይ እምቢ ካለ በፓይተን3 ፋንታ ፒ እና ዋይ ብቻ)። አለቀ፣ ፖርቱ (ሰርቨሩ የሚከፈትበት የበር ቁጥር) 8000 ነው፣ ከተያዘ መጨረሻ ላይ 8080 ጨምሩበት።

እኔ በጣም የምወደው ለስልክ ነው። የስልኬን ሆትስፖት አበራና ላፕቶፑን አገናኘዋለሁ፣ ከዛ ሌላ ተርሚናል ከፍቼ አይፒኮንፊግ (ዊንዶውስ ላይ ነው) ብዬ አይፒቪ4 ከሚለው መስመር የላፕቶፑን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥሩን) አይና ስልኬ ብሮውዘር ላይ ቁጥሩን፣ ሁለት ነጥብ (:)፣ 8000 ብዬ ስጽፍ የፋይሎቹ ዝርዝር ይመጣል፣ የፈለግኩትን ነክቼ ማውረድ ነው። ፋይሉ ቀጥታ ከላፕቶፕ ወደ ስልክ ስለሚሄድ ፓኬጅ አይቆጥርም፣ በቀደም የእህቴን የሰርግ ቪዲዮ፣ 2 ጊጋ የሚሆነውን፣ ለእናቴ ስልክ ያስገባሁት እንደዚህ ነው። ላፕቶፑ ግን በጎን አፕዴት እያወረደ ዳታችሁን እንዳይበላ አፕዴቱን አጥፉት። ስልኩ ካልከፈተ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፋየርዎሉ (የላፕቶፑ የኔትወርክ መከላከያ) ነው፣ ሲጠይቃችሁ ፍቀዱለት።

አደራ፣ ፓስወርድ የሚባል ነገር የለውም! ካፌ ዋይፋይ ላይ ካበራችሁት እዛው ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው ፎልደሩን ሊያይ ይችላል፣ ስለዚህ የምትልኩትን ብቻ ለብቻው ፎልደር ውስጥ አድርጉና ስትጨርሱ ኮንትሮል ሲ ብላችሁ ዝጉት።