የመጀመሪያ ሹራባችሁን የሚያበላሹ ስህተቶች

ከእንጦጦ ማዶ ያለው የሱሉልታ ብርድ ለልጅ ሹራብ ለመሥራት በቂ ምክንያት ነው። ለጀማሪ ከአራት ቁራጮች፣ ከፊት፣ ከጀርባና ከሁለት እጅጌዎች የሚገጣጠም ቀላል ሹራብ ይሻላል። እሱንም ቢሆን የሚያበላሹ ስህተቶች አሉ።

ትልቁ ናሙና፣ ማለትም ትንሽ የሙከራ ቁራጭ፣ ሳይሠሩ መጀመር ነው። «ክር ይባክናል» ይባላል፤ ሙሉ ሹራብ መባከኑ የሚታወቀው ግን ልጁ ሲለካው ነው። ሒሳቡን እንየው። የልጁ ደረት ዙሪያ 58 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ለመንቀሳቀሻ 8 ብንጨምር 66 ይሆናል፤ ለፊት 33፣ ለጀርባ 33። በ10 ሳንቲ ሜትር 20 ዓይን (መርፌው ላይ ያለች እያንዳንዷ የክር ቀለበት) የሚወጣ ከሆነ ለአንዱ ቁራጭ 66 ዓይን ይበቃል፤ ለስፌት በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጨምሩና 68 አድርጉት። አሁን እጇ ላላ ያለ ሴት በዚያው ክር፣ በዚያው 4 ሚሊ ሜትር መርፌ 18 ዓይን ብታወጣ ዙሪያው ከ73 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። እጇ ጠበቅ ብሎ 22 ካወጣች 60 ላይ ይቀራል፤ ከሥሩ ሌላ ልብስ አያስለብስም። የሁለት ዓይን ልዩነት ብቻ ነው ይህን ሁሉ ያመጣው!

ናሙናው 15 በ15 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ሹራቡ በሚሠራበት አሠራር ይሠራ። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ሳትጎትቱ ጠረጴዛ ላይ አንጥፉት። ዳርና ዳሩ ስለሚዛባ መካከሉን 10 ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ ዓይኖቹን ቁጠሩ። ከበዙ በግማሽ ሚሊ ሜትር የሚወፍር መርፌ ያዙ፤ ካነሱ የሚቀጥን። አጠባበቃችሁን ለመለወጥ አትታገሉ፤ እጅ ጥቂት ረድፍ ሄዶ ወደ ልማዱ ይመለሳል።

ክሩን በአንድ ጊዜ ግዙ። ከመርካቶ ሦስት ጥቅል ይዞ ወጥቶ ለአራተኛው መመለስ የታክሲ ወጪ ብቻ አይደለም፤ የጥቅሉ ወረቀት ላይ ያለው የቀለም ቁጥር ከተለየ እጅጌው ከደረቱ ጋር አይመሳሰልም።

68 ዓይን የጀመረው ሥራ 75 የሚሆነው ለምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ረድፉ መጀመሪያ ላይ ነው። ክሩ በመርፌው ላይ አልፎ ወደ ኋላ ሲሳብ የመጀመሪያው ዓይን ተጎትቶ ሁለት ይመስላል፤ ጀማሪውም ሁለት ጊዜ ይሠራዋል። ክሩ ከመርፌው በታች ይንጠልጠል። ላስቲኩን፣ ማለትም ሁለቱ መሠረታዊ ዓይኖች፣ ቀጥታና ግልብጥ፣ እየተፈራረቁ የሚሠሩበትን ተለጣጭ ጠርዝ፣ ስትሠሩ ደግሞ ከግልብጡ ወደ ቀጥታው ስትሻገሩ ክሩን በሁለቱ መርፌዎች መካከል ወደ ኋላ መልሱት፤ ካልተመለሰ መርፌው ላይ ተጠምጥሞ ትርፍ ዓይንና ቀዳዳ ይሆናል። በየአራት ረድፉ ቁጠሩ።

ረድፍ ሳትጨርሱ አታስቀምጡ። ያመለጠ ዓይን ካያችሁ ሥራውን አትፍቱ፤ በኪሮሽ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ ይነሳል። አዲስ ክር የምትቀጥሉት ዳር ላይ ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር ጫፍ ተዉና በኋላ በስፌቱ ውስጥ ደብቁት። ደረት መሀል ላይ የታሰረ ቋጠሮ ወደ ፊት መውጣቱ አይቀርም።

ፊቱ ቀጥታ፣ ጀርባው ግልብጥ የሆነ ሥራ ጠርዙ ይጠቀለላል። ባሕርዩ ነው፤ መጎተት አያድነውም። ለዚህ ነው ከታች በ3.5 መርፌ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ላስቲክ የሚሠራው።

ርዝመትን በሜትር ብቻ አትመኑ። ሹራብ ይለጠጣልና ሁለቱ እጅጌዎች እኩል የሚሆኑት ረድፋቸው ሲቆጠር ነው።

አንገቱ ላይ ታገሡ። የአራት ዓመት ልጅ ጭንቅላት ዙሪያው 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ዓይኖቹ ጠብቀው ከተዘጉ አያልፍም፣ ልጁም ያለቅሳል። በ5 ሚሊ ሜትር መርፌ ላላ አድርጋችሁ ዝጉት። ትከሻውን ከመስፋታችሁ በፊት በመርፌ ቁልፍ አያይዛችሁ በጭንቅላቱ አሳልፉት።

አክሪሊክ ክር ላይ የጋለ ካውያ አይቀመጥም፤ ክሩ ይሟሽሻል፣ ያብለጨልጫል፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም። እርጥብ ሹራብ ገመድ ላይ አይሰቀልም፤ ውኃው ወደ ታች ይጎትተዋል። በፎጣ ጠቅልላችሁ ጨምቁትና ጥላ ላይ አንጥፉት።