ዕጢን በብርሃን የሚያሳዩ ናኖቅንጣቶች፦ ፕሮፖዛል የሚያስጥሉ ስህተቶች

ጎንደር ላይ ለማስተርስ ፕሮፖዛል ይህን ርዕስ፣ ማለትም ሰውነት ውስጥ ተወግተው ዕጢውን በብርሃን የሚያሳዩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ካሰባችሁ፣ ማራኪ ነው። የሚያበራ ቀለም፣ የሲሊካ (የመስታወት ዓይነት) ሽፋን፣ አንዳንዴም ለኤምአርአይ የሚሆን የብረት ኦክሳይድ በአንድ ቅንጣት ይታጨቃሉ። ግን ማማሩ ራሱ ያዘናጋል።

መጀመሪያ የሚሳሳቱት ቀለም ላይ ነው። አረንጓዴ የሚያበራው ስላይድ ላይ ያምራል፤ ከሰውነት ውስጥ ግን ብዙም አይወጣም። ማታ መብራት ሲጠፋ የስልካችሁን ባትሪ አብሩና በጣታችሁ ሸፍኑት። አልፎ የሚታየው ቀዩ ነው። ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ይውጠዋል። ስለዚህ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ከ650 እስከ 950 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)፣ ወይም ከ1,000 በላይ የሆነ ምረጡ።

ቀጥሎ የቅንጣቱ መጠን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየውን እምብርት፣ ማለትም ከሽፋኑ ሥር ያለውን መሃሉን ብቻ ይለኩና «5 ናኖሜትር ነው፣ በኩላሊት ይወጣል» ብለው ይጽፋሉ። ሽፋኑስ? በኩላሊት ለመውጣት ወሰኑ 5.5 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ እሱም ቅንጣቱ ከነልብሱ፣ ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ ሲለካ። ዕጢውን ፈልጎ እንዲይዝ የምትለጥፉበት አንቲቦዲ (ዒላማውን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ደግሞ ብቻውን ወደ 10 ናኖሜትር ይጠጋል። እሱን ለጥፎ «በሽንት ይወጣል» ማለት ዘበት ነው። ያልወጣው ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ይከማቻል። እምብርቱ ካድሚየም የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት ኳንተም ዶት (የሚያበራ ደቂቅ ክሪስታል) ከሆነማ ገምጋሚው በመርዛማነቱ ጉዳይ ያፋጥጣችኋል። ይገባዋልም።

«ቅንጣቱ ዕጢው ላይ ይሰበሰባል» የሚለውንም ሳትለኩ አትጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሥር ዓመት ጥናቶችን የፈተሸ ግምገማ ወጥቶ ነበር። ዕጢው ጋ የደረሰው፣ በመካከለኛ ግምት፣ ከተወጋው 0.7 በመቶ ብቻ ነው። የዕጢውን ፎቶ ብቻ ሳይሆን የጉበቱንና የጣፊያውንም አሳዩ።

ቅንጣቱን የምትሞክሩባት አይጥ ምግብም ያሳስታል። አልፋልፋ ያለበት መኖ ክሎሮፊል ስላለው ሆዷ ራሱ ቀይ ያበራል። ለማነጻጸር ምንም ያልተወጋች አይጥ በዚያው የካሜራ ቅንብር አንሱ፤ አለቀ።

የመጨረሻው ከአይጥ ወደ ሰው ዘሎ መሄድ ነው። የአይጧ ዕጢ ከቆዳ ሥር ጥቂት ሚሊሜትር ላይ ነው። ከደባርቅ ሪፈር ተጽፎላቸው የመጡ እናት ዕጢ ጉበታቸው ውስጥ ጠልቆ ከሆነ፣ ብርሃኑ ከውጭ አይደርስበትም። ለእሱ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን አሉ። ቅንጣቱ የሚያዋጣው ኦፕራሲዮን ክፍል ነው፤ ሆድ ተከፍቶ ሐኪሙ የዕጢውን ዳር ከጤነኛው ሥጋ ሲለይ። የፕሮፖዛላችሁን ዓላማ ወደዚያ አዙሩት።