እየዋኙ መወፈር፦ ከገንዳ በፊትና በኋላ ስለሚበላው

በሳምንት ሦስት አራት ቀን እየዋኘ ኪሎው አልቀንስ ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። ጭራሽ የሚጨምርም አለ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ውሃው ውስጥ ሳይሆን ከውሃው በወጣ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው ስሌት 70 ኪሎ ለሚመዝን አዋቂ የተሠራ ነው፤ ክብደትዎ ከዚያ ከራቀ በዚያው ልክ ከፍ ወይም ዝቅ ያድርጉት። ካሎሪ ስንልም በምግብ ማሸጊያ ላይ የሚጻፈውን ኪሎ ካሎሪ ማለታችን ነው።

ዋናው ስንት ያቃጥላል?

በመካከለኛ ፍጥነት ሳያቋርጥ 45 ደቂቃ የዋኘ ሰው ከ300 እስከ 400 ካሎሪ ያቃጥላል። «ሳያቋርጥ» የምትለዋን ግን ልብ ይበሉ። አንድ ሰዓት ገንዳ ውስጥ የቆየ ሰው ጠርዝ ይዞ ያወራበት፣ መነጽሩን ያስተካከለበትና ትንፋሹን የሰበሰበበት ጊዜ ሲቀነስ፣ የዋኘው ብዙ ጊዜ ከ25 ደቂቃ አይበልጥም። ያ ደግሞ ከ165 እስከ 220 ካሎሪ ነው። አንድ የቡና ስኒ ዘይት (60 ሚሊ ሊትር ያህል) 490 ካሎሪ እንደሚይዝ ሲያስቡት፣ ድስቱ ከገንዳው እንደሚበልጥ ይገባዎታል።

እረፍትዎ መብዛቱን ለማወቅ አንድ ቀን ርቀቱን ይቁጠሩ። በ25 ሜትር ገንዳ ከጫፍ ጫፍ 40 ጊዜ 1,000 ሜትር ነው። ዝም ብሎ ወዲያ ወዲህ ከማለት 50 ሜትር እየዋኙ 20 ሰከንድ ብቻ ማረፍ፣ ይህንን 8 ጊዜ መድገም፣ ሁለት ደቂቃ አርፎ እንደገና መጀመር ይሻላል። ሰዓቱን በትንፋሽዎ ሳይሆን በግድግዳው ሰዓት ይያዙ።

ከመግባትዎ በፊት

በልቶ የዋኘ ሰው ጡንቻው ተኮማትሮ ይሰምጣል የሚባለው ማስረጃ የሌለው ነገር ነው። ሆድን ሞልቶ መግባት የሚያመጣው ሌላ ጣጣ ነው፦ ቃር። ዋናተኛ በአግድም ስለሚተኛ የጨጓራ አሲድ በቀላሉ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ገንዳው ጫፍ ሲደርስ ውሃ ውስጥ ተገልብጦ የሚዞር ሰው ላይ ይብሳል። በርበሬ የበዛበት ሽሮና በደንብ የኮመጠጠ እንጀራ ደግሞ ለዚህ የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ሙሉ ምሳ ከበሉ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይቆዩ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለሚዋኝ ሰው ከበሶ የሚሻል ነገር ለማግኘት ይቸግራል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ (30 ግራም ያህል) በ250 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጠው አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ይጨምሩበት። በጠቅላላው 130 ካሎሪ ገደማ ነው። ከዋናው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ አስቀድመው ይጠጡት። አወፍረው ካቦኩት ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ ቀጠን ይበል። በሶ የማይስማማው አንድ ሙዝ ይበላል።

ባዶ ሆድ መዋኘት ስብ ያቃጥላል ብለው የሚገቡ አሉ። ከ30 ደቂቃ ለማይበልጥ ቀላል ዋና ጉዳት የለውም። ነገር ግን በቀኑ መጨረሻ የሚቆጠረው የበሉት ድምር ነው፤ በባዶ ሆድ ዋኝቶ በእጥፍ የሚበላ ሰው አተረፈ አይባልም። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ሌላ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በባዶ ሆድ አይግባ። ስኳር ውሃ ውስጥ ሲወርድ ማዞሩ መስመጥ ሊያስከትል ይችላል፤ መጠኑንና ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ከወጡ በኋላ ያለው ረሃብ

የሮጠ ሰው ሰውነቱ ስለሚግል ለጥቂት ጊዜ ምግብ አያምረውም። ዋናተኛ በተቃራኒው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተሠራ እንቅስቃሴ በኋላ የምግብ ፍላጎት ከፍ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር የጠዋቱ አየር ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፣ ከገንዳ ወጥቶ እርጥብ ፀጉር ይዞ መኪና ውስጥ የገባ ሰው ቁርስ ቤት ሲደርስ ያዘዘውን ሁሉ ይጨርሳል። ጨጨብሳ ከሆነ ደግሞ በቅቤና በማር የተለወሰ አንድ ሳህን ብቻውን ከ700 ካሎሪ ሊያልፍ ይችላል። የጠዋቱን ዋና ሦስት እጥፍ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቅደም ተከተል ነው። እንደወጡ ሰውነትዎን ያድርቁ፣ በሞቀ ውሃ ይታጠቡ፣ ፀጉርዎን ሳይቀር አድርቀው ደረቅ ልብስ ይልበሱ። ከዚያ ስኳር የሌለው ትኩስ ሻይ ወይም ቀጠን ያለ አጥሚት ይጠጡ። ምግቡ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ሰውነት ሲሞቅ ያ አጣዳፊ ረሃብ ለዘብ ይላል።

ሁለተኛው ነገር ምግቡ ከረሃቡ በፊት መወሰኑ ነው። ማታ ሁለት እንቁላል ቀቅለው ልጣጩን ሳያነሡ ዕቃ ውስጥ ያድርጉ፤ አንድ ዳቦና አንድ ሙዝ አብረው ቦርሳ ውስጥ ይግቡ። ቤት ደርሰው የሚበሉ ከሆነ ሁለት እንቁላል በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ 80 ግራም ዳቦና አንድ ብርጭቆ ወተት 550 ካሎሪና 27 ግራም ፕሮቲን ይሰጡዎታል። ለጠዋት ዋናተኛ ይህ በቂ ቁርስ ነው።

ፕሮቲኑን የምንቆጥረው ያለ ምክንያት አይደለም። ምግብ እየቀነሰ የሚዋኝ ሰው ፕሮቲን ካነሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣል፤ ሚዛኑ ይወርዳል፣ ሰውየው ግን ይደክማል። በቀን በኪሎ 1.6 ግራም ይያዙ፦ ለ70 ኪሎ 112 ግራም፣ ለአራት ማዕድ ሲካፈል በየማዕዱ ከ25 እስከ 30። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ ምስር 9፣ 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ 26 ያህል አለው። ቆሮሶ ዓሣም ሲበስል ከሥጋው እኩል ነው፤ ስቡ ግን በጣም ያነሰ ነው፣ በዘይት ካልተጠበሰ።

ገንዳው አጠገብ ያለው ጭማቂ ቤት ሌላው ወጥመድ ነው። አቮካዶ መልካም ምግብ ነው፤ ግን 150 ግራሙ 240 ካሎሪ ነው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ሲጨመርበት 340። ይጠጡት ካሉ እንደ መጠጥ ሳይሆን እንደ ቁርስ ይቁጠሩት። ቆሎም እንዲሁ፦ ቀላል ይመስላል እንጂ 100 ግራሙ ወደ 400 ካሎሪ ይጠጋል። ከከረጢቱ አይብሉ፤ አንድ እፍኝ በስኒ ለክተው ከረጢቱን ይቋጥሩት።

ውሃ ውስጥ ላብ አይታይም እንጂ ዋናተኛም ያልበዋል፤ እንደ ሶደሬ ባለ ፍል ውሃ ደግሞ ይብሳል። ከመግባትዎ በፊትና ከወጡ በኋላ ሰውነትዎን አድርቀው ይመዘኑ። ግማሽ ኪሎ ከቀነሰ የወጣው ውሃ ነው፤ ከ600 እስከ 750 ሚሊ ሊትር ቀስ እያሉ ይጠጡ። ጥማትን ረሃብ አድርጎ መብላትም የተለመደ ስሕተት ነው።

ድስቱና ትሪው

ወጥ የሚያወፍረው በሚታየው ነገር አይደለም። አራት ሰው በሚበላበት ድስት ውስጥ ከጠርሙሱ እንዲያው የሚንቆረቆረው ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስኒ ይሞላል፤ ለአንድ ሰው 245 ካሎሪ ደረሰው ማለት ነው፣ ምስሩ ሳይቆጠር። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ክዳን ገጥመው፣ የራሱን ውሃ እስኪጨርስ ያቁላሉት። በርበሬውን ሲጨምሩ እንዳያርር ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጉ ያማስሉ። ዘይቱን ከዚህ በኋላ በሾርባ ማንኪያ ለክተው፣ ለአራት ሰው አራት ማንኪያ ይጨምሩ፤ ለአንድ ሰው 120 ካሎሪ ይደርሳል። የቅቤው መዓዛ ከፈለጉ አንድ የሻይ ማንኪያ ድስቱ ሊወርድ ሲል ይበቃል። ቀድሞ የተሠራ ወጥ ከሆነ ደግሞ ከእሳት አውርደው አሥር ደቂቃ ያሳርፉት፤ ቀይ ዘይቱ ሲንሳፈፍ በማንኪያ ይግፈፉት።

እንጀራ እንደየምጣዱ ስፋት ስለሚለያይ «አንድ እንጀራ» መለኪያ አይሆንም። አንዴ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ያስቀምጡት። 100 ግራም 150 ካሎሪ ገደማ ነው፤ 340 ግራም የሚመዝን ከሆነ ግማሹ 255 ነው። በትሪ አብሮ መብላት ደስ ይላል፣ ግን ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፤ ጉርሻውና «በሞቴ» ሲጨመር ደግሞ ቆጠራው ያበቃል። ድርሻዎን ቆርጠው ከትሪው ዳር ከፊትዎ ያድርጉ፣ ወጡንም በጭልፋ ለክተው ያስወጡ። ጎመንና ሰላጣ ሳይለካ ይብዛ። ጉርሻውን እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ተቀብለው ከድርሻዎ ላይ አንድ ቁራሽ ይተዉ።

ሚዛኑን ማንበብ

ዋና በጀመሩ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ኪሎ ቢጨምሩ አይደንግጡ። ጡንቻ የሚያከማቸው ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት አንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። በሳምንት ሦስት ጠዋት፣ ከሽንት በኋላ ምንም ሳይቀምሱ ተመዝነው አማካዩን ይጻፉ። ወገብዎንም በሁለት ሳምንት አንዴ በሜትር ይለኩ፤ ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፉ የጤና ስጋቱ መጨመር ይጀምራል።

በሳምንት ከ350 እስከ 400 ግራም መቀነስ ይበቃል። ሦስት ሳምንት አማካዩ ካልተነቃነቀ በቀን 200 ካሎሪ ይቀንሱ፤ ብዙ ጊዜ ይህ አንድ ማንኪያ ተኩል ዘይት ወይም ሁለት ማኪያቶ ከነስኳሩ ነው። ከዚያ በላይ በአንዴ የሚቆርጥ ሰው ምልክቱ ገንዳው ላይ ይታያል፦ ያው 50 ሜትር ከቀድሞው ሰከንድ ይጨምራል፣ ብርድ አይቻለውም፣ እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ ጉንፋን አይለቀውም፤ ሴት ከሆነች የወር አበባዋ ሊዛባ ይችላል። ይህ ሲመጣ ዋናውን ከመጨመር ምግቡን መመለስ ነው።

ውሃ ሰውነትን ስለሚሸከም ዋና አጥንትን አያጠነክርም። በሳምንት ሁለት ቀን ለግማሽ ሰዓት ክብደት ማንሳት ወይም ቁጭ ብድግ ይጨምሩ፤ በተለይ ከ40 ዓመት በላይ።

በጾም

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በርትቶ ከዋኘ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ያለ ምግብና ያለ ውሃ ይቆያል፤ ሲፈታ ትሪው አይበቃውም። ገንዳ ወደ 8 ሰዓት ይግቡ፣ ቀለል አድርገው ዋኝተው ወጥተው ይፍቱ። ወይም 9 ሰዓት በልተው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይዋኙ፤ ይህ ለጠንካራ ልምምድ ይሻላል። በረመዳን ውሃ የመዋጥ ስጋት ያለበት ከኢፍጣር ሁለት ሰዓት በኋላ ይግባ። በደረቅ ጾም ትንፋሽ ይዞ ውሃ ስር መቆየት አይሞከር፤ ብቻዎንም አይግቡ።

የጾም ፕሮቲን አይጠፋም፣ ግን መሰብሰብ ይፈልጋል። 60 ግራም የሽሮ ዱቄት 12 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ ምስር በአዚፋ 9፣ ግማሽ እንጀራ 5 ግራም ያህል፦ 26 ሞላ። ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር 700 ካሎሪ ገደማ ነው። ማታ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ (30 ግራም) 7 ግራም ፕሮቲን ይጨምራል፣ 170 ካሎሪም አለው። የጾም በያይነቱ የሚያወፍረው ስለሚጾም ሳይሆን፣ ቅቤና ሥጋ ሲቀር ዘይቱ ስለሚበዛ ነው። አዚፋው ላይ ሎሚና ቃሪያ ይብዛ፤ የእህሉን ብረት ሰውነት እንዲወስደው ያግዛሉ። ቡናና ሻይ ደግሞ ብረቱን ስለሚከለክሉ ከማዕዱ አንድ ሰዓት ያርቋቸው።

ሁዳዴ ሲያልፍ 55 ቀን ቅቤ ያልቀመሰ ሆድ ዶሮ ወጡን፣ ክትፎውንና ጠላውን በአንድ ቀን ይቀበላል። በዚያ ቀን ገንዳውን ይተዉት። ሰኞ ሆድዎ ከተረጋጋ 20 ደቂቃ ቀስ ብለው ይዋኙ፣ ሚዛኑ ላይ ግን እስከ ሐሙስ አይውጡ፤ የሚያዩት አብዛኛው ጨውና ውሃ ነው።