የባሕር ውሃ አኳሪየም በበጋ ሲግል፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በአያት፣ በለገጣፎ ወይም በቱሉ ዲምቱ በኩል የሚኖር ሰው ለባሕር ውሃ አኳሪየም አስቀድሞ የሚገዛው ማሞቂያ ነው፤ የከተማዋ ዳርቻ ሌሊት ይበርዳልና። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ግን ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ከሰዓት በኋላ ከውጭው አየር እጅግ ይግላል፤ ውሃውም ቀስ እያለ ይከተለዋል። ለአብዛኞቹ የኮራል ሪፍ (ኮራል የተባሉ የባሕር እንስሳት የሚሠሩት የባሕር ውስጥ ዐለት) ዓሦችና ለኮራሎቹ ለራሳቸው የሚመቸው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ውሃው 29 ዲግሪን አልፎ ለቀናት ከቆየ ጉዳቱ ይጀምራል።

ብዙ ሰው ውሃው ሲግልበት በቀጥታ ማቀዝቀዣ ማሽን፣ ማለትም ቺለር፣ ስለመግዛት ያስባል። እኔ ግን ከማንኛውም ግዢ በፊት ለሦስት ተከታታይ ቀናት ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት እና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የውሃውን ሙቀት እንዲመዘግቡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም የሙቀቱን ምንጭ የሚያሳየው ውሃው ምን ያህል እንደጋለ ሳይሆን በየትኛው ሰዓት እንደጋለ ነው። በመስተዋቱ ላይ የሚለጠፈው ቴርሞሜትር የክፍሉን አየር ጭምር ስለሚያነብ፣ ልኬቱን ውሃ ውስጥ በሚገባ ሌላ ቴርሞሜትር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው በፍጥነት ይተነፍሳሉ

ይህ ምልክት ከታየ ምዝገባው ይቆይ፤ ዓሦቹ ኦክስጅን አጥሯቸዋል። ውሃ በጋለ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ የዓሣው ሰውነት ግን በሙቀት ጊዜ የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በ25 ዲግሪ የባሕር ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ እዚህ የሚይዘው ወደ 5 ሚሊግራም ይጠጋል። ስለዚህ ለባሕር ዳር አገሮች የተጻፈ መመሪያ «29 ዲግሪ ለአጭር ጊዜ አይጎዳም» ቢል፣ እዚህ ሆነን እንዳለ ልንቀበለው አይገባም።

መፍትሔው ውሃውን ወዲያውኑ ማናወጥ ነው። የፓምፑን አፍ የውሃው ገጽ እስኪታመስ ድረስ ወደ ላይ ያዙሩት፤ መክደኛውን ያንሱ፤ የአየር ፓምፕ ካለ ይጨምሩ፤ በዚያ ቀንም ምግብ አይስጡ። በረዶ በቀጥታ ውሃው ውስጥ መጣል ጨዋማነቱን ስለሚያዛባ ተገቢ አይደለም። በምትኩ ውሃ ተሞልቶ የበረደና በደንብ የተከደነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ማስገባት ይቻላል፤ አንድ ሊትር በረዶ ሙሉ በሙሉ ሲሟሟ 200 ሊትር የባሕር ውሃን በግማሽ ዲግሪ ገደማ ያቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው በሰዓት ከ1 ዲግሪ እንዳይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ድንገት የሚወርድ ሙቀት ዓሣውን ዳግመኛ ያስጨንቀዋልና።

ንጋት ላይ ደህና ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ግን 29 ወይም 30 ዲግሪ ይደርሳል

መንስኤው ቤቱ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት አካባቢ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ በአናት ትክክል ትቆማለች፤ የቆርቆሮ ጣሪያም ሙሉ ኃይሏን ይቀበላል። በምዕራብ በኩል መስኮት ያለው ክፍል ደግሞ ከሰዓት በኋላ ዘንበል ያለችውን ፀሐይ ይጨምራል። አኳሪየሙን ከመስኮቱ ማራቅ፣ ኮርኒስ ማሠራት፣ መጋረጃውን ከረፋዱ ጀምሮ መዝጋት፣ ማታ መስኮት ከፍቶ ቀዝቃዛውን አየር ማስገባት፣ የአኳሪየሙንም መብራት ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲበራ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ 1 ወይም 2 ዲግሪ ይቀንሳል።

ይህ ካልበቃ መፍትሔው ፋን ነው፤ እኔም ለአካባቢያችን ከሁሉ የተሻለው እርሱ ነው እላለሁ። ፋን የሚያቀዘቅዘው ውሃውን በማትነን ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ ሲሄድ ይዞት የሚወጣው ሙቀት 200 ሊትር የባሕር ውሃን በ3 ዲግሪ ገደማ ለማቀዝቀዝ ይበቃል፤ ይህም ከአንድ ሊትር በረዶ ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ትነት የሚፈልገው ደረቅ አየር ሲሆን የእኛ የበጋ አየር ደግሞ ደረቅ ነው። በጅቡቲ ወይም በምጽዋ አኳሪየም የሚያኖር ሰው፣ አየሩ በባሕር እርጥበት የተሞላ ስለሆነ ይህን ጥቅም እንደኛ አያገኝም።

ፋን ተገጥሟል፤ ውሃው ግን አልቀዘቀዘም

ብዙውን ጊዜ ስህተቱ አቀማመጡ ላይ ነው። ፋኑ ነፋሱን በውሃው ገጽ ላይ አግድም እንዲያሳልፍ ከአንድ ጎን ተጋድሞ መቀመጥ አለበት፤ የመስተዋት መክደኛው ካልተነሳ ትነት የለም። ክዳኑን ማንሳት ግን ዓሦች ዘልለው እንዲወጡ ስለሚያደርግ በቦታው ቀጭን መረብ ይወጠር። ሁለተኛው መንስኤ የክፍሉ መዘጋት ነው፤ የተነነው ውሃ የሚወጣበት ካላገኘ አየሩ ይረጥብና ትነቱ ይዳከማል፤ ስለዚህ አንድ መስኮት ገርበብ ይደረግ። የጨው ርጭት የፋኑን ሞተር ስለሚበላ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውም ከአኳሪየሙ ሥር በጭራሽ አይቀመጥ፤ ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ከተደረገ፣ በላዩ የሚወርደው ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ ሳይገባ መሬት ላይ ይወድቃል።

ፋን ከተገጠመ በኋላ ጨዋማነቱ እየጨመረ ነው

ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። ከ200 ሊትር በቀን 4 ሊትር ቢተንና ለ5 ቀናት ሳይተካ ቢቀር፣ በሊትር 35 ግራም አካባቢ የነበረው ጨው ወደ 39 ግራም ይጠጋል። የሚተካው ጨው የሌለው ንጹሕ ውሃ ነው፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጨመራል፣ መጠኑም በአኳሪየሙ ላይ በተሰመረ የውሃ ልክ ይታወቃል። ጣሪያ ላይ በተሰቀለ ጥቁር ሮቶ ውስጥ የዋለ ውሃ ከሰዓት በኋላ ራሱ ስለሚግል ማለዳ ተቀድቶ ቢቀመጥ ይሻላል፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት በማጣሪያ ካላለፈ አይግባ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃ ንጹሕ ቢመስልም ከቆርቆሮው ሽፋን ዚንክ ይዞ ስለሚመጣ ለኮራልና ለሽሪምፕ መርዝ ነው።

ንጋት ላይም፣ ማታም ሙቀቱ ከፍተኛ ነው

ሌሊት ውጭው ወደ 10 ወይም 12 ዲግሪ ወርዶ ሳለ ውሃው 29 ዲግሪ ከሆነ፣ ሙቀቱ ከአኳሪየሙ ውስጥ የመጣ ነው። ዋነኛው ተጠርጣሪ ማሞቂያው ነው። ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ውሃው ሲሞቅ ማሞቂያውን የሚያጠፋው ክፍል፣ ተጣብቆ ከቀረ ማሞቂያው ሳያቋርጥ ይሠራል። እኔ ራሴ በአንድ መጋቢት ወር ጥፋቱን በጣሪያው ላይ አድርጌ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከመጋረጃና ከኮርኒስ ጋር ታግያለሁ፤ በዚያ መካከል ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሦች ሞተውብኛል፤ ንጋት ላይ ለክቼ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን በደረስኩበት ነበር። ምርመራው ቀላል ነው፤ ማሞቂያውን ለአንድ ሌሊት ይንቀሉና ንጋት ላይ ይለኩ። ውሃው ከቀዘቀዘ ማሞቂያው ይለወጥ፤ አዲሱም ሙቀቱ ሲያልፍ ኃይሉን በሚያቋርጥ የውጭ መቆጣጠሪያ ላይ ይሰካ።

ካልቀዘቀዘ ፓምፖቹ ይታያሉ። ውሃ ውስጥ የተጠመቀ ባለ 40 ዋት ፓምፕ የሚወስደው ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ የአንድ ቀን ሙቀቱን ብቻ ለማስወገድ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ውሃ መተነን አለበት። ትርፍ ፓምፕ ይነሳ፤ የቆሸሸው ይታጠብ፤ የተዘጋው የካቢኔው በርም ይከፈት።

ፋኑና ማሞቂያው እርስ በርስ እንዳይታገሉም ልዩነት ያስፈልጋቸዋል፦ ማሞቂያው በ24.5 ዲግሪ ቢቆም፣ ፋኑ በ26.5 ቢጀምር መልካም ነው። ይህ ካልተደረገ ፋኑ ሌሊቱን ሁሉ ሲያቀዘቅዝ፣ ማሞቂያውም ሌሊቱን ሁሉ ሲያሞቅ ያድራል።

መብራት ጠፋ

በሞቃት ከሰዓት መብራት ሲጠፋ አስቀድሞ የሚጎዳው ኦክስጅኑ ነው። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ሁልጊዜ ተሞልቶ ይቀመጥ። እስኪገኝ ድረስ በንጹሕ ጆግ ውሃ ቀድቶ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስን በየጥቂት ደቂቃው መደጋገም ብዙ ዓሦችን አትርፏል።

ኮራሎቹ ተኮማትረዋል፣ እየነጡም ነው

የኮራሉ ቀለም በአብዛኛው በሥጋው ውስጥ ከሚኖሩ ደቃቅ አልጌዎች የሚመጣ ሲሆን፣ ሙቀትና ብርቱ ብርሃን ሲበረታበት ኮራሉ እነዚህን አልጌዎች ያባርራቸዋል፤ ከሥራቸው ያለው ነጭ አጥንትም ይገለጣል። ሙቀቱን በቀናት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 25 ወይም 26 ዲግሪ ይመልሱ፤ የመብራቱን ኃይል ለሁለትና ለሦስት ሳምንት በግማሽ ያህል ይቀንሱ፤ የውሃው ፍሰት ግን አይቀነስ። የነጣ ኮራል የሞተ አይደለም። ሥጋው ከአጥንቱ እስካልተላቀቀ ድረስ ደቃቅ ምግብ እየተሰጠው ከሳምንታት እስከ ወራት ባለው ጊዜ ቀለሙ ሊመለስ ስለሚችል፣ ተስፋ ቆርጠው አውጥተው አይጣሉት።