የቀለም እይታን በኢሺሃራ ሰሌዳ መመርመር

በሬቲና (በዓይን ጀርባ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ላይ ቀለም የሚለዩት ኮን የተባሉ ሕዋሳት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንዱ ከጎደለ ወይም በትክክል ካልሠራ ቀለማት ይምታታሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀይና አረንጓዴ።

የኢሺሃራ ሰሌዳ በባለቀለም ነጠብጣቦች መካከል ቁጥር የተደበቀበት ገጽ ነው። ምርመራውን በቀን ብርሃን ያድርጉ፤ ፀሐይ ግን በቀጥታ ሰሌዳው ላይ እንዳታርፍ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ የቢጫ አምፖል ብርሃን ጉድለት ያለበትን ሰው ሊያሳልፈው ይችላል። የስልክ ስክሪንም ቀለሙን ስለሚለውጥ አይታመንም። የእይታ መነጽር አይውለቅ፤ ባለቀለም ከሆነ ግን ይውለቅ።

ሰሌዳውን ከዓይን 75 ሳንቲ ሜትር አርቀው ፊት ለፊት ይያዙ። ለአንዱ መልስ 3 ሴኮንድ ይበቃል፤ ጊዜው ከረዘመ ግምት ይገባበታል። መጀመሪያ 12 ቁጥር ያለበትን ያሳዩ። ይህን የቀለም ጉድለት ያለበትም ያነበዋል፤ ያላነበበ ሰው ወይ እይታው ደካማ ነው ወይ መመሪያው አልገባውም። ከዚያ ቅደም ተከተሉን እየቀያየሩ ይቀጥሉ፤ መልሱን ሸምድዶ የሚመጣ አለና።

38 ሰሌዳዎች ባሉት መጽሐፍ ከመጀመሪያዎቹ 21 ሰሌዳዎች ውስጥ 17 እና ከዚያ በላይ በትክክል ማንበብ ጤናማ ነው፤ 13 እና ከዚያ በታች ጉድለት ነው። ቁጥር የማያውቅ ሕፃን በአንዳንድ ሰሌዳዎች ላይ በቁጥር ፋንታ ያለውን ጠመዝማዛ መስመር በለስላሳ ብሩሽ ይከተል፤ የጣት ቅባት ሰሌዳውን ያበላሻል። የሰማያዊና ቢጫ ጉድለትን ግን ይህ ሰሌዳ አይዝም፤ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል።