በመፀው ወራት የጓሮ አትክልት ሲጠወልግ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይዘልቃል። በአዲስ አበባና በመሰል የደጋና የወይና ደጋ ቦታዎች ጓሮ ያለው ሰው በእነዚህ ወራት አረም ያነሣል፣ መደብ ያድሳል፣ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቀይ ሥርና ካሮት ያለማል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ዝናቡ ይሠራለት የነበረውን የማጠጣት ሥራ ራሱ ይረከባል። ከጎረቤትና ከዘመድ የሚደርሱኝ አቤቱታዎች አብዛኞቹ የሚነሡት ከዚህ ርክክብ ነው። ቦታው ፀሐይ እንደሚያገኝና ችግኙ ጤነኛ እንደነበረ አስቀድማችሁ አረጋግጣችኋል ብዬ በቀጥታ ወደ ምልክቶቹ እገባለሁ።

ምልክት፦ በየቀኑ ውኃ እየጠጣ የሚጠወልግ ጎመን

መጀመሪያ ላይ ተክሉ ጠዋት ቀና ብሎ ይታይና እኩለ ቀን ላይ ይዝላል፤ ቆይቶ ጠዋትም መቃናቱን ይተዋል፣ የታችኞቹ ቅጠሎችም ቢጫ ይሆናሉ። ባለቤቱ በየማታው እንደሚያጠጣ ይናገራል፤ እውነቱንም ነው። ውኃ ከተሰጠው በሽታ መሆን አለበት ብሎ ወደ መድኃኒት መሸጫ የሚሄደው በዚህ ጊዜ ነው። እባካችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ቆፍሩ። ባጠጣችሁ ማግስት ጠዋት ከተክሉ አጠገብ አንድ ስንዝር ያህል ውረዱና አፈሩን በእጃችሁ ጨብጡት። ላዩ ሁለት ጣት ያህል ርሶ ከሥሩ ያለው ደረቅ ጓል ከሆነ ምክንያቱን አግኝታችኋል። ታቹ ጨቅይቶ የሚሸት፣ ሥሩም ቡናማና ልፍስፍስ ሆኖ ከተገኘ ግን ችግሩ ተቃራኒው፣ ማለትም የውኃ መብዛት ነው፤ ማጠጣቱን አቁማችሁ መደቡን አናፍሱት።

ምክንያቱ ከክረምቱ ይጀምራል። በሐምሌና በነሐሴ አፈሩ በውኃ ስለሚሞላ አየር ያጣል፤ ሥርም አየር ፍለጋ ከላይኛው ንብርብር ሳይርቅ ይቀራል። ዝናቡ ሲቋረጥና ደረቁ የጥቅምት ነፋስ ሲነሣ ቀድሞ የሚደርቀው ይኸው ንብርብር ነው። በዚህ ላይ በየማታው ጥቂት ጥቂት ስናርከፈክፍ ሥሩ ወደ ታች የሚወርድበትን ምክንያት እንነሣዋለን። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ካሬ ሜትር መደብ ላይ 5 ሊትር ውኃ ብታፈሱ ከፍታው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በደረቀ ሸክላማ አፈር ላይ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር በታች አይወርድም፣ አብዛኛውንም የማግስቱ ፀሐይ ይወስደዋል። በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ግን 2 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይሆናል፤ ይህ ሥሩ ያለበት ድረስ ይደርሳል።

አንድ ወዳጄ ጎመኑ ሲጠወልግበት ሁለት ዓይነት ፀረ ተባይ ደባልቆ ከረጨ በኋላ ጠራኝ። አንዱን ጎመን ነቅዬ ሳየው ትል የለበትም፣ ብስባሽም የለበትም፤ ሥሮቹ ግን ሁሉም እንደ ጭራ ወደ ጎን ተዘርግተው ከአፈሩ ገጽ ሥር ተጋድመዋል፤ ከእነሱ በታች የነበረው አፈር ሲነካ አቧራ ሆኖ ተበተነ። ውኃ ብቻ የጠየቀ ጎመን ኬሚካል ጠጣ፤ ቤተሰቡም የመድኃኒቱ የመቆያ ጊዜ፣ ማለትም ከተረጨ በኋላ ቅጠሉ ሳይበላ የሚጠበቅበት ቀን፣ እስኪያልፍ ድረስ ከጓሮው ቅጠል ሳይቀምስ ከረመ። ያልታወቀ ችግር ላይ መድኃኒት የሚሸጥ ነጋዴም፣ የቆይታ ቀኑን ሳያነብ የሚረጭ ሰውም ያሳዝኑኛል።

ሌላው ታሪክ ከአቃቂ በኩል ነው። እዚያ ያለው ጥቁር ኮትቻ አፈር በክረምት ስለሚጨቀይ የቤቱ እናት በሐምሌ በመደቦቹ መካከል ጥሩ የውኃ መውረጃ ቦይ አስቆፍረው ነበር፤ ሥራው በጊዜው ትክክል ነበር። በኅዳር ግን ያው ቦይ አፉ ሳይዘጋ ስለቆየ በፈረቃ የመጣው ውኃ በአጥሩ ሥር እየሾለከ ወደ መንገዱ ይፈስ ነበር፤ የተረፈውም አፈሩ ሲደርቅ በከፈተው ስንጥቅ ከሥሩ አልፎ ይሰርጋል። የቦዩን አፍ በአፈር ደፈንን፣ ስንጥቁን በደቃቅ አፈርና በብስባሽ ሞላን፣ ጎመኑም ያለ ምንም መድኃኒት ተመለሰ። የክረምቱን ቦይ መዝጋት የመስከረም መጨረሻ ሥራ ነው፤ ሰዎች የሚረሱትም እሱን ነው።

መፍትሔው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የተጋገረውን የአፈር ገጽ ሥሩን ሳትነኩ በስሱ ኮትኩቱ፤ ካልተኮተኮተ ውኃው ይንሸራተታል። ቀጥሎ በመደቡ ዙሪያ ዝቅተኛ ክትር ሥሩና የጀሪካኑን ውኃ በሁለት ዙር፣ የመጀመሪያው እስኪሰርግ እየጠበቃችሁ፣ በቀስታ አፍስሱ። ለትልልቅ ተክሎች በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ አዲስ የተተከለ ችግኝና ገና ያልበቀለ የካሮት ዘር ግን ሥር ስለሌላቸው በየቀኑ በስሱ መጠጣት አለባቸው። ቀዳዳው የሰፋ ርካሽ ማጠጫ አትግዙ፤ ጠብታው አፈሩን እየደበደበ መልሶ ያጋግረዋል። የሃይላንድ ክዳን በጋለ መርፌ በስቶ መጠቀም ከእሱ ይሻላል። ከዚያም መደቡን በደረቅ ሣር ወይም በጤፍ ገለባ ሦስት ጣት ያህል ጎዝጉዙት፤ ጉዝጓዙ ግንዱን አይንካ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አትጠቀሙ፣ የሌላውን ተክል እድገት ያቀጭጫል። ሰጋቱራም ከላይ ይነስነስ እንጂ ከአፈር ጋር አይደባለቅ፤ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ይሻማል። በረኪና የገባበት የልብስ እጣቢ ፈጽሞ መደብ ላይ አይፈስስም። ቅጠሉ በጥሬው የሚበላ ሰላጣም የወንዝ ፍሳሽ አይጠጣም።

ምልክት፦ ችግኝ ከግንዱ ተቆርጦ ወድቆ ማደር

ቆራጭ ትል ነው። ጠዋት በወደቀው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን በጣት ፈልጉ፤ ተጠቅልሎ የተኛ ግራጫ ትል ታገኛላችሁ፤ ግደሉት። በሌሎቹ ችግኞች አንገት ላይ ግማሹ አፈር ውስጥ የሚገባ የወረቀት ቀለበት አድርጉ።

ምልክት፦ የቅጠል ጠርዝ መቃጠል

ጥሬ የዶሮ ኩስ አድርጋችኋል። መደቡን በብዙ ውኃ እጠቡት። ኩሱን ከመስከረም አረም፣ ዘር ሳያፈራ ከታረመው፣ ጋር ከምራችሁ ለሦስትና ለአራት ወራት አብስሉት።

ምልክት፦ በቅጠል ጀርባ ላይ የተነባበረ ክሽክሽ

ክሽክሽ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ነው። ገና በጥቂቱ ሳለ በውኃ ግፊት እጠቡት፤ ተጠቅልሎ የታመቀበትን ቅጠል አስወግዱት።

ምልክት፦ ጠዋት እንደተቀቀለ ጠቁሮ የሚገኝ ቅጠል

በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት የሚወርድ ውርጭ ነው፤ ዝቅ ያለ ጓሮን ይበረታበታል። ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይችሉታል፤ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ድንችና ፎሶሊያ አይችሉትም። አፈሩን በቀን አጠጡት፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይይዛል። ሲመሽ በእንጨት ላይ የተዘረጋ ጨርቅ አልብሱ፤ ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ የነካውን ያስመታዋል። የተመታውን ቅጠል ደግሞ ወዲያው አትቁረጡት፤ አዲስ ቡቃያ ከሥሩ እስኪታይ ድረስ ለቀጣዩ ሌሊት መከለያ ይሆነዋል።