ወላጆችን ለመጦር አስቀድሞ መዘጋጀት

ብዙ ቤተሰብ ስለ ወላጆቹ እርጅና መነጋገር የሚጀምረው አባት ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ፣ ወይም እናት የጣዱትን ረስተው ቤቱ በጭስ ከታፈነ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የሚወሰነው ሁሉ የጥድፊያ ውሳኔ ሲሆን፣ ዋነኞቹ ባለጉዳዮች፣ ወላጆቹ ራሳቸው፣ ሳይጠየቁ ይታለፋሉ። ስለዚህ ውይይቱ ወላጆች ራሳቸው መወሰን በሚችሉበት ጊዜ ይጀመር። ልጆች ለብቻቸው መክረው የጨረሱትን ጉዳይ ለወላጅ መንገር ውይይት አይባልም።

«ስትደክሚ ማን ይጡርሽ?» ብሎ መጀመር ያስቀይማል። «እማዬ፣ እኔ አንድ ነገር ብሆን ልጆቼ ወረቀቶቼን የት እንደሚያገኙ እያሰብኩ ነበር፤ አንቺስ ያንቺን የት ነው የምታስቀምጪው?» ብሎ ከራስ መነሳት ይቀላል። የት መኖር እንደሚሹ፣ መናገር ቢያቅታቸው ማን እንዲወስንላቸው እንደሚፈልጉ፣ የትኛውን ሕክምና እንደማይሹ ቀስ በቀስ ይጠየቁ። ይህ በአንድ ቀን አያልቅም፤ እንዲያልቅም መቸኮል አያስፈልግም።

ቀጥሎ ምን ዓይነት እገዛ እንደሚያስፈልጋቸው መለየት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ካትዝና ባልደረቦቹ በ1963 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ እስከ ዛሬ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መለኪያ ስድስት ነገሮችን ያያል፤ እነርሱም ገላ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መዘዋወር፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር እንዲሁም መመገብ ናቸው። ድካሙ ግን ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ቀድሞ በገንዘብና በመድኃኒት አያያዝ ላይ ይታያል። ሒሳባቸውን አጥርተው የሚያውቁ አባት ያልተከፈሉ ደረሰኞችን መሳቢያ ውስጥ ማጠራቀም ከጀመሩ ነገሩ በቸልታ አይታለፍ።

መድኃኒትን በተመለከተ አንድ ቀን አብራችሁ ተቀምጡና በቤቱ ያለውን ሁሉ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛውን ጭምር፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፉት። ከጉንፋን መድኃኒቱ ውስጥም ከራስ ምታት ክኒኑ ውስጥም ያለው ያው ፓራሲታሞል ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ስማቸው ስለሚለያይ ሁለቱንም አብሮ የሚወስድ ሰው መጠኑን ማሳለፉን አያውቅም። የእያንዳንዱን ስም፣ መጠንና የሚወሰድበትን ሰዓት ጽፋችሁ ለሐኪም ወይም ለፋርማሲ ባለሙያ አሳዩ እንጂ በራሳችሁ ውሳኔ ምንም አታስቁሙ።

ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል በየዓመቱ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ይወድቃል። አደጋው የት እንዳለ ለማወቅ ማታ መብራት አጥፍታችሁ ከአልጋቸው እስከ መጸዳጃ ቤቱ ራሳችሁ ሂዱ፤ እግራችሁን የጠለፈው ምንጣፍና የኤሌክትሪክ ገመድ እነርሱንም ይጠልፋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት በሕግ ሰነዶች ላይ ነው። ኑዛዜ የሚሠራው ከሞት በኋላ ስለሆነ በሕመም ጊዜ አይጠቅምም። ውክልና ደግሞ ሰጪው ምን እንደሚፈርም በሚያውቅበት ጊዜ መሰጠት አለበት፤ በብዙ አገሮች ተራ ውክልና፣ ሰጪው የማሰብ ችሎታውን ሲያጣ፣ ይቋረጣል፤ ማለትም በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ዋጋ ያጣል። ከዚያ በኋላም የሚጸና ውክልና በአገራችሁ ሕግ መኖር አለመኖሩን የሕግ ባለሙያ ጠይቁ።

በመጨረሻ ሥራው በልጆች መካከል ይከፋፈል። ካልተነጋገሩበት ሸክሙ ሁሉ በቅርብ በሚኖረው ላይ ይወድቃል፤ ርቆ ያለው ደግሞ በስልክ አስተያየት ይሰጣል (ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው)። ርቆ የሚኖር ሰው ክፍያዎችን መፈጸም፣ የሐኪም ቀጠሮ መያዝ፣ አስታማሚው የሚያርፍበትን ሳምንት መጥቶ መሸፈን ይችላል። ከወላጅ ገንዘብ የወጣው ሁሉ እህት ወንድሞች በሚያዩት ደብተር ላይ ይመዝገብ። ክፍፍሉም ወላጅ ሆስፒታል ተኝተው በወጡ ቁጥር፣ ያ ባይሆንም በየስድስት ወሩ፣ እነርሱ ባሉበት እንደገና ይታይ።